መሪው ሜዳ ሲሻገር

ነፋሱ ከግራ በኩል እየመጣ ጋሪው ላይ የቆመውን የአውሮፕላን መሪ በገፋው ቁጥር ጋሪው ከመንገዱ ይወጣል፤ ፈረሱም ሳይወድ በግዱ አንገቱን አጣሞ ሣሩ ውስጥ ይገባል። አናጢው ልጓሙን ስቦ ይመልሰዋል፤ ጥቂት እንደሄዱ ነፋሱ ደግሞ ይመጣል። ካሚዮኑ ወንዙ ዳር ጥሏቸው ከተመለሰ፣ እነሱም በታንኳ ተሻግረው ይህን ጋሪ ከተከራዩ ወዲህ መንገዳቸው ሰካራም ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚሄደው ዓይነት ሆኗል።

«ይኸው፣ ገና ሳይገጠም ሥራ ጀመረ» አለ አናጢው። «ፈረሱን እየመራው እኮ ነው። እኔ ልጓሙን ለምን እንደያዝኩ እንጃ።»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«እየነዳሁ አይደለም ነው የምልሽ።»

ጨርቅ ሰፊዋ አልሳቀችም። ጋሪው ላይ ተንበርክካ፣ በገዛ ቤቷ ብርድ ልብስ የተጠቀለለውን መሪ እንደታመመ ልጅ በሁለት ክንዷ አቅፋዋለች። መሪ ይሉታል እንጂ እንደ መኪና መሪ ክብ አይደለም። አውሮፕላን ከእንጨትና ከጨርቅ ይሠራ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የአውሮፕላን መሪ ማለት በቀጭን የእንጨት አጽም ላይ የተልባ እግር ጨርቅ የተወጠረበት፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ አናቱ ክብ የሆነ ሰሌዳ ነበር። ጅራቱ ላይ እንደ በር በማጠፊያ ይንጠለጠላል። አብራሪው በእግሩ ፔዳል ሲረግጥ በሽቦ ተስቦ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የሚሮጠው አየርም እሱን እየገፋ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ያዞራል። አናጢው በርብራቡ ጋሪ ላይ አጋድመን እንጫነው ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ጋሪው ሲነጥር አጽሙ ይሰበራል ብላ እምቢ አለች። አሁን አልተሰበረም፤ የጀልባ ሸራ ሆነ እንጂ።

አጽሙን የጠረበው አናጢው ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋ። ጨርቁን የሰፋችው እሷ። ወደ አውሮፕላን ጥገና ቤቱ ከመምጣቷ በፊት ለረጅም ዓመታት የወታደር ድንኳን ስትሰፋ ስለኖረች፣ ከአለቃው አንስቶ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም «ድንኳን» ነው የሚላት። ስሙን አትጠላውም። ድንኳን ቢቀደድ የሚመጣው ዝናብ ነው። ይህኛው ቢቀደድ ግን ምን እንደሚመጣ ሰሞኑን ሌት ተቀን ስታስበው ከርማለች።

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም ነበር። የጥገና ቤቱ ብቸኛ አውሮፕላን ፖስታ ጭኖ ሲሄድ የቤንዚን ቱቦው ተደፍኖ ከወንዙ ማዶ ሜዳ ላይ በሰላም አረፈ። በማግሥቱ ከአብራሪው ከመቶ አለቃው ቴሌግራም መጣ፦ ቱቦው ተጠግኗል፣ መሪው ከጥቅም ውጭ ሆኗል፣ አዲስ ይላክ። ሌላ ቃል የለበትም። አለቃው ጮክ ብሎ አነበበውና ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ዓይኑ እጇ ላይ አረፈ። «ከላይ ሆኖ ተቀዶበት ይሆን?» አለ። ጥፋተኛ ነሽ ያላት ማንም የለም። ቢሏት ይሻላት ነበር።

ክረምቱ ደርሷል። ዝናቡ ሲጀምር ያ ሜዳ ረግረግ ይሆናል፤ አውሮፕላኑም እዚያው ጎማው ሰጥሞ፣ ጨርቁ ሻግቶ ይቀራል። ሚኒስቴሩ አስቀድሞም በእንጨትና በጨርቅ ገንዘብ ይባክናል እያለ ሲያጉረመርም ነበር፤ አውሮፕላኑ ከጠፋ ጥገና ቤቱ እንደሚዘጋ አለቃው ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። እሷ ወደ ድንኳኗ ትመለሳለች። ግን ከዚያ ይልቅ እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነበር፤ የገዛ ስፌቷ ሰማይ ላይ ተተርትሮ ሰው ሊገድል ነበር ማለት ነው?

ስለዚህ አዲሱን መሪ ስትሰፋ ክሩን በሰም ደጋግማ አሸች፣ ስፌቱን አጠጋጋች። ጨርቁ ላይ የሚቀባውን ቫርኒሽ ደግሞ ከተለመደው በላይ ደራረበችው። ቫርኒሹ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል፤ ስለዚህም ሁለቱም ገጽ እኩል ይቀባል። እሷ ጨመረች፤ ደግማም ጨመረች። ጣሳው ሊያልቅ ሲል የተረፈውን በቀኙ ገጽ ላይ አሟጠጠችው። ለግራው አልደረሰም። አንድ ወገን እንኳ ይጠንክር አለች በሆዷ።

«ያውልሽ» አለ አናጢው ድንገት።

አውሮፕላኑ ከአንዲት ዛፍ አጠገብ፣ ሁለቱን ድርብ ክንፎቹን ዘርግቶ ቆሟል። ጅራቱ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። ጅራቱ ብቻ። ክንፎቹና ሞተሩ እንደ ሜዳው ሁሉ ባዶ ናቸው።

መቶ አለቃው ከክንፉ ጥላ ሥር ተነስቶ መጣ። ገና ጢሙ በደንብ ያልበቀለ ወጣት ነው፤ ሜዳ ላይ ሰንብቶም ቦቲ ጫማው ያብረቀርቃል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔም አላሰብኩም» አለች ከጋሪው እየወረደች። ጉልበቷ ደንዝዟል። «መቶ አለቃ፣ አሮጌውን መሪ ልየው።»

«አዲሱን እንግጠም መጀመሪያ። ሰማዩን አይተውታል?»

ከሜዳው ማዶ ተራሮቹ ላይ ጥቁር ደመና ተቆልሏል።

«የት ላይ እንደተቀደደ ብቻ ልይ። ቶሎ ነው።»

«ከገጠምን በኋላ፣ እትዬ።» አንገቱን ደፋ። «ምንም የሚታይ ነገር የለውም።»

ሰው አስከሬን ለዘመድ ላለማሳየት የሚለው ነው የመሰላት። አናጢው ግን የእሾሁን አጥር ዞር ብሎ ሲያይ ቆይቶ፣ «ይህ ለምን ነው?» አለ። «ሌባ ፈርተው ነው? ሌባ ከጅራት ይጀምራል እንዴ?»

መቶ አለቃው የብርድ ልብሱን ገመድ መፍታት ያዘ።

በዚህ መሃል ከመንደሩ ወገን አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትሩን ተደግፈው መጡ። ከኋላቸው አንዲት ዳለቻ ላም፣ ማንም ሳይነዳት፣ ሆዷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ትከተላለች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ባለ ጨርቆቹ እናንተ ናችሁ? ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እኔ ካሳ ልክፈል ብዬ ነበር፤ ጌታው ይቅር አሉ። እንስሳ ናት፣ ምን ታውቃለች።»

«ማን ናት?» አለ አናጢው።

«ወይዘሮ ናታ» አሉና በበትራቸው ወደ ላሟ ጠቆሙ። «አረማመዷን አይተን ነው ስሙን ያወጣንላት። ምነው፣ አልነገሯችሁም? ጅራቱን የበላችው እሷ ናት።»

የመቶ አለቃው ፊት ፍም መሰለ።

«ያ የቀባችሁት ነገር ሽታው ጣፈጣት መሰለኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ነገሩን ለማቃለል። «ሌሎቹ አሽትተው ሄዱ። እሷ መጀመሪያ ላሰችው። ከዚያ… ድሮም ሆዷን ትወዳለች።»

አናጢው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ሳቁን መያዝ አቅቶት በጀርባው ተጋደመ። «ኧረ አንሱኝ» አለ። «ሚኒስቴሩ አሁን በእውነት ገንዘቡ ተበላ።»

ሰፊዋ ግን ወደ መቶ አለቃው ዞራ ነበር።

«ላም ናት?»

«እትዬ…»

«ከጥቅም ውጭ ሆኗል ያሉት ላም በልታው ነው?»

«ምን ብዬ ላስጽፍ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቴሌግራም ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ጸሐፊው ደግሞ ያሉትን ሁሉ ጮክ ብሎ እየደገመ ነው የሚጽፈው። የመንግሥትን አውሮፕላን ላም በላችብኝ ልበል? አብረውኝ የተማሩት መኮንኖች እስክሞት ድረስ ‹ላሟ› እያሉ ነው የሚጠሩኝ።»

«እኔ ደግሞ የሰፋሁት ሰማይ ላይ ተተርትሮ እርስዎ ለጥቂት የተረፉ መስሎኝ ነው የከረምኩት። ስበላ ይታየኛል፤ ስተኛ ይታየኛል። ባሌ ‹ምን ሆነሻል› ቢለኝ መናገር አቃተኝ።»

ወጣቱ የቆዳ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። «ይህን አላሰብኩም» አለ።

«አላሰቡማ።»

ሄደና ከዛፉ ሥር፣ በሸራ የተሸፈነውን አሮጌ መሪ አመጣላት። አጽሙ እንደ ዓሣ አጥንት ተራቁቷል። መሃሉ ላይ ጨርቅ የሚባል የለም፤ ያኘከችው ቁራጭ አልፎ አልፎ ተንጠልጥሏል። ዙሪያውን ግን፣ ስፌቱ ባለበት ጠርዝ ሁሉ፣ ሁለት ጣት የሚሆን ጨርቅ እንደ ክፈፍ ቆሞ ቀርቷል። ሰፊዋ ጣቷን በስፌቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደችው። አንድም የላላ ክር አላገኘችም።

«እሱ አስቸገራት» አሉ ሽማግሌው። «ስትስበው ስትስበው ቆይታ ትታው መሃሉን በላች።»

ሰፊዋ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ስትመለስ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ አፏ ግን ሊስቅ ይታገላል። ላሟን ከእግር እስከ ራስ አየቻትና፣ «ወይዘሮ፣ ለእኔ የመሰከርሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት።

አዲሱን መሪ ገጠሙት። አናጢው የማጠፊያውን ፒኖች አስገባ፣ መቶ አለቃው ሽቦዎቹን ወጥሮ አሰረ፣ እሷ ሁለቱንም እየተከታተለች ስህተት ፈለገችባቸው። ሽማግሌው ላሟን በቀንዷ ይዘው ራቅ አሉ። አናጢው ፕሮፔለሩን በእጁ ሲያሽከረክረው ሞተሩ አስነጥሶ ተነሳ፤ ሣሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተኛ። አውሮፕላኑ መሮጥ ጀመረ። ጅራቱ ከመሬት ተነሳ። ሰፊዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትመለከታለች፤ መንኮራኩሮቹ መሬቱን ሊለቁ ጥቂት ሲቀራቸው አፍንጫው ወደ ግራ ዞረ። ትንሽ ተመለሰ፣ ደግሞ ዞረ። በግራ በኩል የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ፤ አውሮፕላኑም እየነጠረ ሄዶ ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ።

ሁሉም ሮጡ። መቶ አለቃው ቀኝ ጭኑን በእጁ እያሸ ወረደ።

«መሪው በራሱ ወደ ግራ ይሸሻል» አለ። «ቀኝ እግሬን ቆልፌ ካልያዝኩት አይቆምም። እንዲህ እየታገልኩ ከተማ አልደርስም። እግሬ ከደከመ አበቃ።»

ጅራቱን ይዘው አውሮፕላኑን ወደ መነሻው እየገፉ መለሱት። አናጢው ሽቦዎቹን ለካ፤ እኩል ናቸው። ማጠፊያዎቹን ነካ፤ ቀጥ ያሉ ናቸው። እየቆየ ፊቱ ጠቆረ።

«እንጨቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። በችኮላ ስሠራው እንጨቱ በደንብ አልደረቀም ነበር መሰለኝ። ተጣሞብኛል።»

ሰፊዋ ይህን ጊዜ ከጅራቱ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ የመሪውን የኋላ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ታያለች። ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር አልነበረም። ጠርዙ ከመሃሉ ላይ፣ ፀሐይ እንደነካው ወረቀት፣ ወደ ቀኝ ጎብጧል። ወደ ቀኝ፤ ያን የቫርኒሽ ጣሳ ወዳሟጠጠችበት ወገን። ቀኙ ገጽ ሲደርቅ ከግራው በላይ ተኮማትሮ ቀጭኑን እንጨት ወደ ራሱ ጎትቶታል። የሚሮጠው አየር ያቺን የጎበጠች ከንፈር ከቀኝ እየገፋ መሪውን በሙሉ ወደ ግራ ይነዳዋል።

ዋርሳዋ አሁንም እንጨቱን እየረገመ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። መቶ አለቃው እንጨት ብሎ ያምናል፤ አለቃውም እንጨት ብሎ ይጽፋል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እዚሁ ሜዳ ላይ ሌላውን በዝምታው የወቀሰችው ደግሞ እሷው ናት።

«እንጨቱ አይደለም» አለች ተነስታ። «እኔ ነኝ። ቫርኒሹን በቀኝ በኩል አበዛሁት። እሱ ነው የጎተተው።»

አናጢው አያት። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ እኩል የማትቀቢው?»

«ከቴሌግራሙ ወዲህ።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ እሱም ጠርዙን በአንድ ዓይኑ አየ። «ያስፈራሁዎት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ከዚያው ሳይነሳ። «ስለዚህ ግማሹ ጉብጠት የእኔ ነው።»

«ግማሹን ደግሞ ለላሟ ስጧት» አለ አናጢው። እንጨቱ ነፃ ከወጣ ጀምሮ ልቡ ተመልሷል። «አሁን ምን ይሻላል? ጨርቁን እንግፈፈው?»

«በምን እንመልሰዋለን? ቫርኒሽ የለ፣ ጨርቅ የለ።»

ደመናው ከተራሮቹ ላይ ወርዶ ኮረብታዎቹን እየሸፈነ ነው። ከሩቅ የዝናቡ ግራጫ መጋረጃ ታየ። መቶ አለቃው ቆቡን እያሻሸ ሲያስብ ቆየና፣ «በተማርኩበት አገር አንድ አሮጌ አስተማሪ ነበር» አለ። «አውሮፕላን ወደ አንድ ወገን ሲጎትትበት፣ የክንፉን የኋላ ጠርዝ ተከትሎ ቀጭን ሲባጎ ያስለጥፍበታል። አየሩ ሲባጎው ላይ ሲጋጭ ጠርዙን ይገፋል መሰለኝ። ይስተካከልለት ነበር።»

«በየትኛው ገጽ ላይ ነው የሚለጠፈው?» አለች ሰፊዋ። እጇ ከወዲሁ የሥራ ከረጢቷ ውስጥ ገብቷል።

«እኛ ተማሪዎቹ እንስቅበት ነበር፣ እትዬ። እየሳቅኩ አላየሁትም።»

«መቼም ገጹ ከሁለት አይበልጥም» አለ አናጢው።

በሰም የታሸ ወፍራም ሲባጎ አወጣች። መስፋቱ ጊዜ ስለሚወስድ መጀመሪያ ለሙከራ ይለጠፍ ተባለ። መቶ አለቃው የፖስታ ከረጢቶች የሚታሸጉበትን ቀይ ሰም አመጣ፤ በክብሪት እያቀለጡ፣ የመንግሥት ማኅተም የሚያርፍበትን ሰም በጠብታ በጠብታ ሲባጎውን አጣበቁበት። ጠርዙ ወደ ቀኝ ስለጎበጠ በቀኝ ይደገፍ ብላ በቀኙ ገጽ አደረገችው። ሞተሩ ተነሳ፤ አናጢውና ሽማግሌው የክንፎቹን ጫፎች ይዘው አውሮፕላኑ እንዳይሮጥ አገዱት። መቶ አለቃው እግሮቹን ከፔዳሉ አንስቶ መሪውን ለነፋሱ ለቀቀው። መሪው እንደተበሳጨ ሰው ጭራሽ ወደ ግራ ታጥፎ ቀረ።

ሰፊዋ እጇን አወናጨፈች፤ ሞተሩ ቆመ። ሰሙን በጥፍሯ ፈልቅቃ ሲባጎውን ወደ ግራው ገጽ አዛወረችው። ደግሞ ሞተሩ ተነሳ። ሣሩ ተኛ፣ ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጠመጠመ፣ እንባዋ ከነፋሱ የተነሳ ወደ ጆሮዋ ይሮጣል። መሪው ተንቀሳቀሰ። ከግራ ተነስቶ ወደ መሃል መጣ፣ መሃሉን አለፈና ወደ ቀኝ ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«በዛ» አለች፤ የሰማት የለም።

በመቀስ ከሲባጎው ጫፍ ቆረጠች። መሪው ትንሽ ወደ መሃል ቀረበ። ደግማ ቆረጠች። ልብስ ሰፊ ሙሽራ እንደሚለካ፣ በጉልበቷ እየሄደች፣ አንድ ዓይኗን እየጨፈነች፣ ጥፍር የምታህል እየቀነሰች ቀጠለች። በመጨረሻ መሪው በዚያ ሁሉ ነፋስ መሃል፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው የክንፉን ጫፍ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሲባጎውን በጠርዙ ላይ ሰፋችው። ቸኩላ አልሰፋችም። አናጢው ሰማዩን እያየ ይቁነጠነጣል፤ እሷ ግን ስፌቱን አላጠጋጋችውም፣ አላሳሳችውም፤ ልማዷ የነበረውን ያህል አደረገችው። መርፌዋ ያለፈበትን ቀዳዳ ሁሉ በቀዩ ሰም ደፈነች።

«ጨርሻለሁ» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «አሁን ደግሞ እኔም እሄዳለሁ።»

«የት?» አለ አናጢው።

በአገጯ የፊቱን ወንበር አሳየችው፤ የፖስታ ከረጢቱ የተቀመጠበትን።

«ለምን? አየር ላይ ቢተረተር ወርደሽ ልትሰፊው ነው?»

«ሌላ ቴሌግራም አልጠብቅም።»

ይህን ስትል ድምፅዋን አላነሳችም። መቶ አለቃው አያትና፣ ሄዶ ከረጢቱን አነሳ። «ጭንዎ ላይ ይያዙት» አለ።

«ቆይ እንጂ» አለ አናጢው። አሁን ቀልዱ ግማሽ በግማሽ ነበር። «ወንድሜ ‹ሚስቴን የት ጣልካት› ሲለኝ ጣቴን ወደ ሰማይ ልቀስርለት?»

«ከአንተ ቀድሜ ቤት እገባለሁ። ራሴ እነግረዋለሁ።» ከዚያ፣ ክንፉ ላይ እየወጣች፣ «ብርድ ልብሴን እንዳትረሳ» አለችው።

«ሂጂ አቦ። ፈረሱስ ቢሆን ከአንቺ ጋር ከመሄድ ይገላገላል።» እጁን ሰጥቷት ደግፎ አስገባት፤ ሲለቃት ግን ጣቶቿን ትንሽ ጫን አድርጎ ያዘ።

መቶ አለቃው ከኋላ ወንበሩ ጎንበስ ብሎ ቀበቶዋን አጠበቀላት፤ የራሱንም መነጽር ሰጣት። «እግርዎን ይሰብስቡ» አላት። «እፊትዎ ያሉት ፔዳሎች ከእኔ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የእኔ ሲንቀሳቀስ የእርስዎም ይንቀሳቀሳል። ላይ ሆነን መነጋገር አይቻልም። አየሩ ጸጥ ያለበት ስንደርስ ትከሻዎን እነካለሁ። ያን ጊዜ እግርዎን ፔዳሎቹ ላይ አድርገው ይሞክሩት። ደግሜ ከነካሁ ይልቀቁ።»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የላይኛውን ክንፍ ጨርቅ መምታት ጀምረው ነበር። አውሮፕላኑ ሮጠ። ሰፊዋ ሜዳውን አላየችም፤ ቦዩንም አላየችም። የምታየው ፔዳሎቹን ብቻ ነበር። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ አሉ፤ አብራሪው አቅጣጫውን እያበጀ ነው። ከዚያ ከሥሯ የነበረው መነጠር ድንገት ተቋረጠ፤ ቀና ስትል ዛፉ ከታቻቸው ነበር።

አናጢው ከጋሪው አጠገብ ቆሞ ብርድ ልብሷን ያውለበልባል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ይዘዋል። ወይዘሮ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። የዝናቡ መጋረጃ ከኋላቸው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየሸፈነው መጣና ጎማዎቹ ሣሩ ላይ ያሰመሩትን ሁለት መስመር አጠፋው። ከፊታቸው ግን ሰማዩ ክፍት ነበር። ወንዙ በቡናማ ጨርቅ ላይ የተጣለ ፈትል መሰለ፤ የተሻገሩባት ታንኳ ደግሞ የመርፌ ስባሪ።

ፔዳሎቹ ቆመዋል። ቀኙም ግራውም አይንቀሳቀሱም። ሰውዬው ከኋላ ሆኖ እግሩን ጭራሽ አንስቶ እንደሆነ ልታየው አትችልም፤ ግን እንዳነሳ ታወቃት። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከኋላዋ፣ ልታየው በማትችለው ጅራት ላይ፣ ያ ሰሌዳ በአየሩ መሃል ጸጥ ብሎ ቆሟል።

በወንዙ ወገን ያለችውን ኮረብታ እንዳለፉ አንድ እጅ ትከሻዋን ነካት።

ሰፊዋ የፖስታውን ከረጢት በክንዷ አጥብቃ እግሮቿን ቀስ አድርጋ ፔዳሎቹ ላይ አሳረፈች። መጀመሪያ ምንም አላደረገችም። ከዚያ በቀኝ እግሯ፣ የስፌት መኪና መርገጫን ሥራ ስትጀምር እንደምትረግጠው ያህል፣ ጥቂት ጫን አለችው። ፔዳሉ አልተሟገታትም። ወደ ኋላ የሄደው ሽቦ ሲሳብ፣ የተወጠረው ጨርቅ አየሩን ሲያገኘው በጫማዋ ሶል በኩል ተሰማት፤ የአውሮፕላኑም አፍንጫ ከወንዙ ላይ ተነስቶ በሩቁ የከተማው ጣራዎች ወዳሉበት ቀስ እያለ ዞረ። እግሯን አላላች። አፍንጫው ቆመ። በግራዋ ነካ አደረገችው፤ ተመለሰ።

ትከሻዋ ደግሞ እስኪነካ ጠበቀች። ማንም አልነካትም።